ስምንት ሰከንድ ብልጫ

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። ሥራው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ዝም ማለት ነው። ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ፎርም ያደርግና በላብ የተጠመቀውን ተፈታኝ ወደ ኋላ ያስነዳዋል፣ ዳገት ላይ ያስቆመዋል፣ በጠባብ ቦታ ያስዞረዋል። መጨረሻ ላይ ከሁለት አንዱን ይናገራል፤ «አልፈሃል» ወይም «ሂድና ተለማመድ»። ከዚያ በላይ ቃል አያባክንም።

ተፈታኞቹ «አርባ» ይሉት ነበር። በሜዳውም በከተማውም በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ስለማይነዳ ነው። ስሙን ያውቀው ነበር፤ አልከፋውም። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ በከሰል «አርባ ሲያልፍ መንገዱ ያንቀላፋል» ተብሎ ተጽፎ አገኘ። መኪናውን አቁሞ አነበበውና «ፊደሉ የተረጋጋ ነው፤ ይኼ ልጅ ያልፋል» ብሎ መጣ።

ታናሽ ወንድሜን ሁለት ጊዜ ጥሎታል። መጀመሪያ መስታወት ስላላየ፣ ሁለተኛ ጊዜ መስታወቱን አየሁ ብሎ ጸጉሩን ስላስተካከለ። ወንድሜ በሦስተኛው አልፎ ታክሲ ነጂ ሆነ። ዛሬም ድረስ የተሳፋሪውን ጆሮ ሲያገኝ «እኔኮ የእህቴ ባል የጣለኝ ሰው ነኝ» እያለ ያወራል፤ ማዕረግ የተሰጠው ያህል።

ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። ሐኪሞቹ «ቀላሉ ነው» አሉን። ምላሱ በሳምንት፣ እጁ በወር ተመለሰ። ቀኝ እግሩ ብቻ ዘገየ። ደረጃ ሲወርድ ሌላው ሰውነቱ ቀድሞ ደርሶ እግሩን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሐኪሙ «ለስድስት ወር መኪና እንዳይነዱ። ከዚያ በኋላ የፈተና ጣቢያው አይቶ ይወስናል» አለው። የፈተና ጣቢያው ማለት የገዛ መሥሪያ ቤቱ ነው።

የመኪናውን ቁልፍ እኔ ወሰድኩት። ልብስ ስለምሰፋ ማንም የማይነካው መሳቢያ አለኝ፤ ክርና መርፌ መሐል አስቀመጥኩት። አልተጣላንም። «ጣቢያው ይንዳ ባለበት ቀን፣ እዚያው በር ላይ በእጅህ አስረክብሃለሁ» አልኩት። «እዚያው በር ላይ» ብሎ ደገመልኝ። ፎርም ላይ የፈረመ ያህል ልቡ አረፈ።

ልቡ አረፈ አልኩ እንጂ አላረፈም። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ያጥባል። ነጭ፣ ትንሽ፣ ከልጃችን በሁለት ዓመት የምትበልጥ መኪና ናት። ካጠባት በኋላ የጎማዋን ነፋስ ይለካል። ሳትንቀሳቀስ የምትውል መኪና ነፋሷ የት ይሄዳል? እሱ ግን ይለካል።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃችን በዚህ ጊዜ ነው የመኪና ውድድር ጌም ይዛ የመጣችው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ የተዋሰችው ነው። ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የሚታሰር የፕላስቲክ መሪ አለው፤ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሁለት ፔዳልም አለው።

«አባዬ፣ ለእጅህም ለእግርህም ጥሩ ነው። እንደ ፊዚዮቴራፒ ቁጠረው።»

ጎንበስ ብሎ ፔዳሎቹን አያቸው። «ፍሪሲዮኑስ የታለ?»

«የለውም። ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይኼ ከእናትሽ ስፌት መኪና በምን ይሻላል?»

«በእናቴ ስፌት መኪና ሰው አይጋጭም።»

ተቀመጠ። ልጃችን የመኪኖቹን ዝርዝር ስትገልጥለት፣ አንበሳ የሚያህሉት ቀያይ መኪኖች አልፈው ከታች በኩል የእኛ ነጯ መኪና ብቅ አለች። ያው ዓመተ ምርት፣ ያው ሁለት ክብ መብራት። ባለቤቴ ባዕድ አገር የጎረቤቱን ልጅ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ። «ሌላ አትፈልጊ። ይቺን።»

የሚነዳበት መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የውድድር ሜዳ ነው። የሆነ አገር በእውነት ያለ ሜዳ ነው አለችን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ዙር አልጨረሰም። የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይረግጣል፤ የሚረግጠው ግን መኪናዋ አጥሩ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። «ፔዳሉን አልለመድኩትም» ይላል። እንደገና ይነሣል፣ እንደገና አጥር። በአምስተኛው ቀን ምሳ አልበላም። በስድስተኛውም አልበላም። በስምንተኛው ቀን የስፌት ሥራዬን ትቼ ልጃችንን ወጥ ቤት ጠራኋት።

«ይኼ ነገር ትንሽ አይቀልለትም?»

«የፍሬን እገዛ የሚባል አለ» አለችኝ። «ከበራ፣ ኩርባ ሲመጣ መኪናው ራሱ ይይዛል። ግን አባዬ ካወቀ መሪውን ነቅሎ ነው የሚሰጠኝ።»

«አያውቅም። አብሪው።»

«እማዬ፣ የሠላሳ ዓመት ፈታኝ ነው።»

«ይሁን። ምሳውን ይብላ ብቻ።»

አበራችው። ያን ቀን ሦስት ዙር ጨርሶ ምሳውን በላ፤ ጨመርኩለት። ከቴሌቪዥኑ ጥግ በእግር ቅርጽ የተሠራች ቢጫ ምልክት መብራት ጀምራ ነበር። አያት። «ይቺ ምንድን ናት?» አለ። ልጃችን ወደ እኔ አየች። እኔም መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ «መሪው በደንብ መሰካቱን ነው የምታሳየው» አልኩ። አመነኝ። ሁሉን ነገር በሚመዘግብበት ደብተር ላይ ጻፈው፦ «ቢጫ መብራት፦ መሪው መሰካቱን ያሳያል።»

ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ያቺን መስመር ባየሁ ቁጥር፣ ሰው የሚለውን ሁሉ እየመረመረ የኖረ ሰው ቤቱ ውስጥ ሚስቱን ማመኑን አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ መውረድ ጀመረ። አራት ደቂቃ ከሃያ፣ ሦስት ከሃምሳ፣ ሦስት ከሃያ። ባለቤቴ ግን በደስታ የሚታለል ሰው አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ሕግ፣ ራስህ ያልለካኸውን አትመን ነው። የጌሙን ሰዓት ስላላመነው፣ የስፖርት አስተማሪዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ዓይነት ሰከንድ መቁጠሪያ አወጣና እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝ። መስመሩን ስታልፍ እጫናለሁ። ሁለቱ ሰዓቶች ገጠሙ። ቀጥሎ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ገለጠ፤ ቆማ ተነሥታ ሰማንያ ለመግባት አሥራ ሦስት ሰከንድ ይፈጅባታል ይላል። በጌሙም አሥራ ሦስት ፈጀባት። ደብተሩ ላይ «ጌሙ አይዋሽም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

የቀረው እውነተኛዋን መኪና መለካት ነበር። እሱ መንዳት ስለማይፈቀድለት ወንድሜን ጠራው። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ወጣን። ወንድሜ መሪው ላይ፣ ባለቤቴ ከጎኑ ሰከንድ መቁጠሪያውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ ደብተሩን ይዤ።

«እስከ ሰማንያ ውሰዳት» አለው።

ወንድሜ ዞሮ አየው። «ስንት?»

«ሰማንያ።»

«ጋሼ፣ አርባን ካለፍን በኋላ ጆሮህን እንዳያምህ።»

«ዝም ብለህ ንዳ። ቀበቶህን እሰር መጀመሪያ።»

ነዳ። መኪናዋ አጉረመረመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ በበሩ ኪስ ውስጥ የነበረ ማንኪያ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ መደነስ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ለካን፤ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ሰባት ተኩል። ወንድሜ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እትዬ፣ መጽሐፉ የጻፈው ወጣት እያለች ነው በይው።»

ባለቤቴ አልሳቀም። ደብተሩን ተቀብሎኝ በራሱ እጅ እንዲህ ጻፈ፦ «መኪናዋ በእርጅና ምክንያት ከመጽሐፉ አራት ሰከንድ ተኩል ዘግይታለች። ነጂው ጤነኛ ነው።» ነጂው ያለው ወንድሜን ነው። ስለ ሌላ ነጂ የተጻፈ ነገር የለም።

በአራተኛው ወር ልጃችን ከኢንተርኔት አንድ ሰንጠረዥ አትማ አመጣችለት። የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሆኑ ሰዎች፣ በእውነተኛው ሜዳ፣ በእውነተኛ መኪኖች የሮጡበት ሰዓት ነው። በተራ ቁጥር ሃያ ስድስት ላይ የእኛ ዓይነት መኪና አለች፤ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ገባ።

ሰንጠረዡንና ደብተሩን ጎን ለጎን ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ የበለጠበትን ስምንት ሰከንድ ማካፈል ጀመረ። አንድ ሰከንድ ለጎማ ሰጠ፤ ጌም ውስጥ ጎማ አያረጅም። አንድ ሰከንድ ለነዳጅ፤ ታንኩ አይሞላም፣ ስለዚህ መኪናዋ ትቀላለች። ግማሽ ሰከንድ ለክብደት፤ ያኛው ነጂ ወፍራም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ስልሳ ሁለት ኪሎ ነው። የተረፈው አምስት ሰከንድ ተኩል ነው። ከፊቱ «የነጂው ችሎታ» ብሎ ጻፈበት።

ወንድሜ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ያንን አነበበ።

«ጋሼ፣ ፍርሃትንስ ስንት ሰጠኸው?»

«የምን ፍርሃት?»

«ያ ሰውዬ ቢሳሳት ይሞታል። አንተ ብትሳሳት ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

«ጥሩ ነጂ አይፈራም፤ ይጠነቀቃል።»

«አንተማ እየተጠነቀቅህ ነው ኩርባውን በዘጠና የምትገባው? ሠላሳ ዓመት በአርባ ሄደህ፣ እግርህን ሲያምህ ነው እሽቅድምድም የገባህ።»

«እግሬን አያመኝም» አለ ባለቤቴ። «ቢያመኝ አምስት ሰከንድ ተኩል ከየት ይመጣ ነበር?»

መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር። መልሱ ያለው እኔ ጋ ነው። ተነሥቼ ሻይ ጨመርኩላቸው።

ስድስተኛው ወር ሲቃረብ ለጣቢያው ማመልከቻ አዘጋጀ። ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ሰንጠረዡን፣ የደብተሩን ግልባጭና የአምስት ሰከንድ ተኩሉን ማብራሪያ አያያዘበት። እኔን አስቀምጦ ከዳር እስከ ዳር አነበበልኝ። «... በመሆኑም የአመልካቹ የእግርና የዓይን ቅንጅት ከበሽታው በፊት ከነበረው የተሻለ እንጂ ያነሰ አለመሆኑን...» ይላል። እግሩ ወንበሩ ሥር ተዘርግቷል። ያን ቀን ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሲወድቅበት እግሩን ለመሰብሰብ የፈጀበትን ጊዜ አይቻለሁ። ብርጭቆው ተሰብሮ አልቆ ነው እግሩ የተነሣው።

ፈተናው ረቡዕ ነበር። ሰኞ ጠዋት ልጃችን ጋ ደወልኩ።

«ንገሪው» አለችኝ። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ቆሞባት ነበርና በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ረቡዕ ፈቃዱን ከሰጡት ሐሙስ መንገድ ላይ ነው።»

«አንቺ ንገሪው።»

«አብሪው ያልሺው አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

እውነቷን ነው። ግን ሰው አርባ ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው ፊት ለፊት እያየ «የተደሰትክበት ነገር ሁሉ ያንተ አልነበረም» ለማለት ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ለሌላ ነገር ማስቀመጥ ልማዴ ነው። ስለዚህ ፈሪ የሚያደርገውን አደረግሁ። እሱ ጎማ ሊለካ ሲወጣ፣ ልጃችን በስልክ እየመራችኝ የፍሬን እገዛውን አጠፋሁት። ማሽኑ ይንገረው አልኩ በልቤ፤ ከእኔ ከሚሰማ።

ገብቶ ተቀመጠ። ቢጫዋ መብራት የለችም። መሪውን ነካክቶ መሰኪያውን አየ፤ ተሰክቷል። ትከሻውን ነቀነቀና መንዳት ጀመረ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አጥር ውስጥ ገባ። ሁለተኛም አጥር። ሦስተኛ ጊዜ መኪናዋ ተገልብጣ ጣሪያዋ ላይ ተንሸራተተች። እኔ ጫፍ እየሰፋሁ ዓይኔን አላነሣሁም። አሁን ገባው ብዬ ጠበቅሁ።

እሱ ግን ብድግ አለና ከመኪናዋ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። የገባው ነገር፣ ፍሬኑ መበላሸቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ፍሬኑ አልያዘልኝም» ያለውን ተፈታኝ ሁሉ ትቶ ፍሬኑን መጀመሪያ የሚፈትሽ ሰው ነበር፤ ሰው ላይ ከመፍረድ በፊት ዕቃውን እይ ይላል። መሬት ላይ ተቀምጦ የፕላስቲክ ፔዳሉን ፈታው። ሞላውን አወጣ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ ሽቦውን እየዳሰሰ ተከተለው፣ ጠብታ ዘይት አደረገለትና መልሶ ገጠመው። በእጁ ተጭኖት ቴሌቪዥኑን አየ። እጁ እንደነካው መኪናዋ ያዘች። ደግሞ ሞከረው። ያዘች።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ።

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሳጥኑ ውስጥ መለሰ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ሰከንድ መቁጠሪያውን ሰጠኝ።

«ድንገት ቁም በይኝ። ስትይ ተጫኚ። እግሬ ፍሬኑን ሲነካ አቁሚው።»

ይኼ የፈተና ሜዳ ዘዴው ነው። ተፈታኙ ሲዝናና ጠብቆ «ቁም» ይላል፤ እግሩ ፍሬን ላይ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ሌላ ምንም ቢያምርለት ያሰናብተዋል። በአርባ ዓመት ትዳራችን እኔ እሱን ቁም ብዬው አላውቅም ነበር። አሥር ጊዜ አልኩት። አንድ ነጥብ ሰባት። አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ሁለት። አንድ ነጥብ ስምንት። እያንዳንዱን ጻፈ። አሥሩን ደምሮ ለአሥር አካፈለ፤ አንድ ነጥብ ስምንት መጣ።

«በአርባ ስንሄድ በሰከንድ አሥራ አንድ ሜትር ነው» አለ ለራሱ። አባዛው። «ሃያ ሜትር።»

የልብስ መለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አንሥቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ከግቢያችን በር ጀምሮ በሜትር ተኩል ሜትር ተኩሉ፣ ጎንበስ እያለ፣ መንገዱን ይለካ ጀመር። የእኛን አጥር ጨረሰ። የጫማ ሠሪውን በር አለፈ። ጫማ ሠሪው «ምነው፣ መንገዱን ሊያሰፉት ነው?» አለው። «እየጠበበ እንደሆነ እያየሁ ነው» አለው። ሃያው ሜትር ያለቀው ሰዎች አውቶቡስ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ነው። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጋዜጣ ይዘው ቆመዋል። ሜትሬን ጠቅልሎ እዚያው አጠገባቸው ቆመ። ሽማግሌው አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሏቸው ቦታ ለቀቁለት።

ሲመለስ በሩ ላይ አገኘኝ።

«እስከ ትናንት ድረስ ፍሬን የሚይዝልኝ ማን ነበር?»

ነገርኩት። ምሳውን፣ ልጃችንን፣ ቢጫዋን መብራት፣ ሁሉንም። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ፤ ተፈታኝ ሲያዳምጥ እንደዚያ ነበር መሰለኝ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አለ።

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ።»

«እህ» አለ። ገብቶ ደብተሩን አወጣ። «የነጂው ችሎታ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከበላዩ «እገዛ» ብሎ ጻፈ። አምስት ሰከንድ ተኩሉን አልነካውም። ምሳ አቀረብኩ፤ በላ። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

ረቡዕ መቅረቱ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ማለዳ ጫማውን ጠርጎ ቆመ። «ቀጠሮ ቀጠሮ ነው» አለ። ወንድሜ መኪናዋን ነድቶ ወሰደን። ቁልፏን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ለመሄጃ ብቻ ብዬ።

የጣቢያው ኃላፊ ባለቤቴ ያሠለጠነው ሰው ነው። ገና ስንገባ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ምነው ተቸገሩ? እኔ ወረቀቱን ቤትዎ እልከው ነበር እኮ።»

«ለፈተና ነው የመጣሁት።»

«እርስዎን ማን ይፈትናል? ፈተና ያስተማሩን እርስዎ።»

«መኪናው ውጭ አለ። ሜዳውም ባዶ ነው። ፎርም አምጣ።»

«ፎርሙን ሞልቼዋለሁ።»

«ማንን አይተህ?»

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ አየ፤ እንደ ምስክር ሊቆጥረኝ። ባለቤቴ ደብተሩን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አደረገለት። «የቀኝ እግሬ አንድ ነጥብ ስምንት ሰከንድ ነው። አሥር ጊዜ ተለክቷል። አንተ በዚህ ሰዓት ስንቱን ነው ያሰናበትከው?»

ኃላፊው ሳቀ። አጠገቡ ያለችው ጸሐፊም ሳቀች። «ጋሼ ጨዋታ ያውቃሉ» አለ። መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ አንድ ጨዋታ አልሰማም፤ የሳቁለት በዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ማኅተሙ ተመታ። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል ነበር። እሱ ከዚያ በኋላ የኖረው አሥራ አራት ወር ነው።

በሩ ላይ ቆምን። ወንድሜ ቁልፉን ለእኔ መለሰና ራቅ ብሎ የሚጸዳ ነገር የሌለበትን መስታወት ማጽዳት ጀመረ። ባለቤቴ እጁን አልዘረጋም፤ ግን እያየኝ ነው። ውሉን የገባሁት እኔ ነኝ። ሕጉ፣ ሐኪሙ፣ ጣቢያው፣ ሁሉም ይሁን ብለዋል። አልሰጥህም የምልበት አንድም ወረቀት አልነበረኝም። ቁልፉን ሰጠሁት።

መኪናዋን ዞራት። አራቱንም ጎማ በእግሩ ነካ። የነጂውን በር ከፈተና ገባ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበው። የኋላ ማሳያ መስታወቱን፣ ከዚያ የግራውን፣ ከዚያ የቀኙን አስተካከለ። ቀበቶውን አሰረ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት አየ። ሜዳው ባዶ ነበር፤ በኖራ የተሠመሩት መስመሮች ገና አዲስ ናቸው። ወንድሜ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። እኔም ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አልለካሁም።

ከዚያ ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ። ቁልፉን ለወንድሜ ዘረጋለት።

«መስታወቶቹን አስተካክዬልሃለሁ። ንዳ።»

ወንድሜ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ባለቤቴ ከጎኑ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ። የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ጋ ቀይ ያዘን። ባለቤቴ አዲሱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አነበበው።

«‹ተፈትነው ያለፉ› ይላል» አለ። «ማን ነው የፈተነኝ?»

«አንተው ነሃ» አለው ወንድሜ። «ሰኞ ዕለት፣ ሳሎን ውስጥ።»

«እኔማ ጥዬዋለሁ» አለ ባለቤቴ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ መለሰው። «አረንጓዴ ሆኗል። ሂድ።»